ዘጠና ኪሎ ያልነበረው በር

ይህ ሰው በድሎኛል።

እዚህ መሐል፣ አበባ የታሰረበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፈገግ የሚለውን አናጺ ነው የምላችሁ። በሞላ አዳራሽ ፊት ከመሬት አንስቶ አየር ላይ አንጠልጥሎኛል። ከወረድኩ በኋላ ደግሞ «ሰክሮ ነው» ሲባል ሰምቶ ዝም ብሏል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የተናገርኩት፣ በኋላ የሁላችሁም ሆድ ሲባባ የእኔም ባብቶ ነገሩን እንዳልተወው ብዬ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ትናንት ቢሮዋ ጠርታ፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ በላይ አብሮት የሠራ የለም፤ ነገ የጡረታ ሽኝቱ ላይ ሰው የሚያስቅ ነገር ይናገሩለት» አለችኝ።

«እኔ ሰው አስቄ አላውቅም» አልኳት።

«አንድ ጊዜ አስቀዋል» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

እንግዲህ ስለዚያች አንድ ጊዜ እናገራለሁ። ግን ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ከመሐል የሚጀመር ወሬ አልወድም።

ይህ ሰው እዚህ ቲያትር ቤት የመጣ ዕለት ቶሎ አልገባም። በሩ ላይ ቆሞ መቃኑን ሲለካ ዘበኛው ደረሰበት።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ሥራ ልጀምር መጥቼ ነው። ይህ መቃን አራት ሚሊሜትር ጠሟል።»

«እኛ በእሱ ስንገባ ስንወጣ ኖረናል።»

«እሱንማ አያለሁ፤ ሁላችሁም ወደ ግራ ዘንበል ብላችኋል።»

ዘበኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጥ ብሎ መሄድ አበዛ። «ሚሊሜትር» የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። አናጺው ቀጥሎ እኔ ጋ መጣ። እኔ የመድረክ ገመድ ሳቢ ነኝ፤ ያኔም ገመዴ ላይ ነበርኩ። እንደምን ዋልክ የለ፣ ስምህ ማን ይባላል የለ፣ ሜትሩን ዘርግቶ «ቁመትህ ስንት ነው?» አለኝ።

«ለሬሳ ሣጥን ነው?» አልኩት።

«አይ፣ ለሱ ገና ነህ» አለና ከእግር እስከ ራሴ ለካኝ። ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የማይነግረኝን ሰው አልለምንም።

ጠባዩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው ቤት ሲጋበዝ ወንበሩን ገልብጦ ሥሩን ሳያይ አይቀመጥም። የሂሳብ ሹማችን ልጅ ስታገባ ሰው ሁሉ ሲፈልገው፣ ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ ሥር ጠመንጃ መፍቻ ይዞ ተገኘ። ሙሽራዋ ጮኸች። «ተረጋጊ እህቴ፣ ጠረጴዛሽ እየተነቃነቀ ነው» አላት። ባለቤቱ እዚህ አለች፤ ትመስክር። ያን ቀን ምን አልሽኝ? «የአገሩን ጠረጴዛ ያጠብቃል፤ የእኛ ቁም ሣጥን በር ግን በጫማ ማሰሪያ ነው የሚዘጋው» አላልሽም? እሺ፣ አንገቷን ነቅንቃለች፤ ይመዝገብልኝ።

ደግሞ ሻዩን በእርሳስ ያማስላል። በዚያው እርሳስ እንጨቱ ላይ ያሰምራል። ስለዚህ በዚህ ቤት የተሠራ ዙፋን ሁሉ ስኳር አለበት። ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ በየትርኢቱ ለምን እንደሚቁነጠነጥ አዘጋጁ ሲመራመር ከረመ። «የሥልጣን ጭንቀት ነው፣ ግሩም አድርጎ ይዞታል» ይል ነበር። ጉንዳን ነው።

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እንግዲህ ወደ ጉዳዬ።

ቤተሰቦቻችሁን ይዛችሁ መጥታችኋልና፣ ከመድረክ ጀርባ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ሥራዬን ላስረዳ። ከመድረኩ በላይ፣ ተመልካች በማያየው ቦታ፣ ረጃጅም ቧንቧዎች አግድም ተንጠልጥለዋል። ቤተ መንግሥቱም፣ ጫካውም፣ ሰማዩም እነሱ ላይ ነው የሚሰቀለው። ቧንቧውን የያዘው ሽቦ ጣሪያ ላይ ባለ መዘውር ይዞርና በግድግዳው ጥግ ወርዶ፣ የብረት ጡብ የሚደረደርበት ሣጥን ላይ ይታሰራል። በዚያ በኩል የተሰቀለው ምን ያህል እንደሆነ አውቄ በዚህ በኩል ያንኑ ያህል ብረት እጭናለሁ። ብረቱ ሲወርድ ዕቃው ይወጣል፤ ብረቱ ሲወጣ ዕቃው ይወርዳል። እኔ ፍሬኑን ፈትቼ በገመድ እመራዋለሁ። ብረቱ ሲወርድ በእጄ ያለው ገመድ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህችን አትርሱ።

ታዲያ አንድ ሕግ አለን። ቧንቧው ላይ የሚሰቅል ሰው ክብደቱን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ገመድ ላይ ያለው ሰው ይመልሳል። «ዘጠና!» ይላል አናጺው። «ዘጠና ሰምቻለሁ!» እላለሁ እኔ። ካልጠራ አይሰቀልም። ጥሪው ከመልካም ሰላምታ ይበልጣል፤ እኔ ከማንም ጋር ብጣላ ጥሪውን ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ የምናሳየው ተውኔት የንጉሥ በር ነበረው፤ ጠንካራ ጣውላ፣ ዘጠና ኪሎ። እኔም ዘጠና ኪሎ ብረት ጭኜበታለሁ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ይህ ሰው መጣና ገመዱን በሁለት ጣት ገፋው። በሩ ተነሳ። «እንዴ!» አለ፣ «ዘጠና ኪሎ ምንም አይመዝንም እኮ!»

«እስቲ አስቁመው» አልኩት።

ሊያስቆመው ያዘው። ገመዱ ወደ ላይ ነጥቆ፣ ጉልበቱን ግድግዳው ላይ ፈትጎ ጣለው። ሱሪው ተቀደደ፣ ጉልበቱ ተላጠ። ተነስቶ ገመዱን እንደ ከሐዲ አየው።

ነገሩ ግልጽ ነው። መሬት በሩን ትስባለች፣ ብረቱንም ትስባለች፤ ሁለቱ ስበቶች ተካካሱ እንጂ ዕቃው የትም አልሄደም። እዚያ ዘጠና፣ እዚህ ዘጠና፣ መቶ ሰማንያ ኪሎ ነገር ተንጠልጥሏል። ቀስ ብለህ ስታስነሳው ሁለት ጣት ይበቃል፤ ፍጥነት ከያዘ በኋላ በአንድ ጊዜ ላስቁምህ ስትለው ግን መቶ ሰማንያው ሁሉ መልስ ይሰጥሃል።

እኔ ብዙ ትምህርት ቤት አልተቀመጥኩም። ይህን በደንብ የተረዳሁት ከልጄ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ሁለት ነገር ለያይቶ ያስቀምጣል። ክብደት ማለት መሬት አንድን ነገር የምትስብበት ጉልበት ነው። መጠነ ቁስ ማለት ደግሞ በነገሩ ውስጥ ያለው ቁስ ብዛት ነው፤ የቆመ ከሆነ ላለመነሳት፣ የሚሄድ ከሆነ ላለመቆም የሚያሳየው እምቢታ በእሱ ይለካል። ጨረቃ ላይ ብትወጡ ክብደታችሁ ወደ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ መጠነ ቁሳችሁ ግን አይነካም። ይህን ለባለቤቴ ባነብላት፣ «አንተስ ጨረቃ ላይም ያው ነህ ማለት ነዋ» አለችኝ። በትክክል ገብቷታል።

እንግዲህ የዚያን ቀን። ንጉሡ መድረክ ላይ ሊሞት ነው። ንግሥቲቱ ታቅፋዋለች። እሱ ሲያሸልብ እኔ በሩን ወደ ላይ አወጣለሁ፣ ከበስተኋላ የጦር ሜዳው ይታያል። አዘጋጁ ደግሞ «መድረኩ ይተንፍስ» ብሎ የጎን መጋረጃዎቹን አስነቅሎ ስለነበር፣ እኔ በግራጫ ጋዋኔ ከግድግዳው ጥግ ከወገብ በላይ እታያለሁ። አላጉረመረምኩም። አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬያለሁ፣ በጽሑፍ።

ፍሬኑን ፈታሁ።

ብረቱ ወረደ። እኔ ሳልስበው ወረደ። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ ተንጠለጠልኩበት፤ እግሬ ወለሉን ለቀቀ።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን አሁን ልንገራችሁ። በሩ ዘጠና አልነበረም። ከቀጭን እንጨት ክፈፍና ከሸራ የተሠራ፣ ጣውላ መስሎ ቀለም የተቀባ፣ ሠላሳ ኪሎ በር ነበር። ላየው ሁሉ ጣውላ ነው የሚመስለው፤ ቀለሙ ውስጥ የሚስማር ዝገት ሳይቀር ተሥሏል። በአንድ በኩል ዘጠና ኪሎ ብረት፤ በሌላው በኩል ሠላሳ ኪሎ በር፣ ሲደመር ሃምሳ ሁለት ኪሎ እኔ። ብልጫው ስምንት ኪሎ ብቻ ነው። ያቺ ስምንት ኪሎ ግን ብረቱን፣ በሩንና እኔን፣ መቶ ሰባ ሁለት ኪሎ ነገር ማንቀሳቀስ ነበረባት። ትንሽ ጉልበት ብዙ ቁስ ሲገፋ ፍጥነቱ የሚጨምረው በዝግታ ነው። ከላይ የተለቀቀ ድንጋይ ፍጥነቱን ከሚጨምርበት ከሃያ አንድ እጅ አንዱን ቢሆን ነው። ስለዚህ አልተፈናጠርኩም። ወጣሁ። ቀስ ብዬ፣ ቀጥ ብዬ፣ በክብር ወጣሁ።

«ለምን አልለቀቅህም?» ያሉኝ ነበሩ። ብለቅማ የእኔ ሃምሳ ሁለት ከመንገዱ ይወጣል። ስልሳ ኪሎ ብልጫ መቶ ሃያ ኪሎ ብቻ ይነዳል፤ ብረቱ እንደ ወደቀ ነገር ግማሽ ያህል እየፈጠነ ይወርዳል። ከብረቱ ሣጥን ሥር ደግሞ ለተዋንያን የረሱትን ቃል በሹክሹክታ የምታቀብል አንዲት ቀጭን ልጅ ትቀመጥ ነበር። እዚያ አትቀመጪ ብላት፣ «ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ያለው እዚህ ነው» ትለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ሲወርድባት ጊዜ አይታ ወንበሯን ትታ ዘወር አለች። ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ሆናለች።

ምነው ልጄ፣ ደነገጥሽ? ተቀመጪ። አልወደቀብሽም።

እየወጣሁ ሳለ አንድ ጫማዬ ወለቀ። ንግሥቲቱ ፊት ወደቀ። ጎበዝ ተዋናይት ነበረች፤ ቃል አልተጻፈላትም፣ ግን አልተደናገጠችም። ጫማዬን አነሳች፣ ደረቷ ላይ አደረገችው፣ ቀና ብላ አየችኝና ምርር ብላ አለቀሰች። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ቆሞ አጨበጨበ። የንጉሡ ነፍስ ስትወጣ ነው የመሰላቸው። የንጉሥ ነፍስ ግራጫ ጋዋን ለብሳ፣ ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዶ!

መጋረጃው ተዘግቶ ካወረዱኝ በኋላ አዘጋጁ እየሮጠ መጥቶ፣ «ነገም ይደገም!» አለ። አልደገምኩም።

ውጭ ተጨበጨበልኝ። ውስጥ ግን «ሰውየው ጠጥቶ ነው» ተባለ። እኔ ከሻይና ከውኃ ሌላ አፌ ገብቶ አያውቅም። ቢሆንም የሰከረ ሰው ገመድ ላይ አይቆምም ተብሎ፣ ለወራት በር ላይ ቆሜ ትኬት ቀደድኩ። የልጄን መጽሐፍ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። በሩን በአንድ እጄ አንስቼ አይቼው ስለነበር ማን እንደሠራው አውቄያለሁ። በዚህ ቤት የዝገት ሥዕል በሚሊሜትር ለክቶ የሚሥል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። አልከሰስኩትም። የሠራው ራሱ ይናገር ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ገመዴ ስመለስም ጠበቅሁ። እኔ ጡረታ ወጥቼ በኮንትራት ስመለስም ጠበቅሁ። ነገ ይህ ሰው ሜትሩን ይዞ ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላ «ሰክሮ ነው» የሚለውን ወሬ ከእኔ ላይ የሚያነሳ አንድ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እጠይቀዋለሁ። ያን ቀን ጠርተሃል ወይስ አልጠራህም?

አልሰማሁም። ጮክ በል።

«አልጠራሁም» ብሏል። «እሱ አልጠጣም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሏል። ከኋላ ያላችሁ ሰማችሁ? መልካም።

ምንድነው? ገና አልጨረስኩም ነው የምትለው? ተናገር። ተቀምጠህ ተናገር፤ ማንም አልፈረደብህም። ድምፁ እንደ እንጨት ብናኝ ነው፣ እኔ ልድገምላችሁ።

«ጉልበቴ የተላጠ ቀን ነው የገባኝ» ይላል። «አንዴ ላስቁመው ብዬ እኔን እንዲህ ካደረገኝ፣ ሁልጊዜ የሚያስቆመው ትከሻ እንዴት ይሆናል ብዬ አሰብኩ» ይላል። «ኮትህን ስትለብስ ግራ እጅህን በቀኝ እጅህ ስታነሳው አይቼሃለሁ» ይላል። እኔ ማንም ያየ አልመሰለኝም ነበር። «በሩ ሲቀልል ብረቱም ይቀንሳል፤ የምታስቆመው መቶ ሰማንያ መሆኑ ቀርቶ ስልሳ ይሆናል ብዬ ነው የሠራሁት።»

ታዲያ ለምን አልጠራህም?

«ብጠራማ አውርደው ትለኝ ነበር! የንጉሥ በር ጣውላ ነው ብለህ ስንቴ መልሰኸኛል? ብረቱን ራሴ ቀንሼ፣ ስትስበው ሲቀልልህ ፊትህን ለማየት ነበር። ልቀንስ ስል የዙፋኑ እግር ተሰበረ ብለው ጠሩኝ። እሱን ስጠግን መጋረጃው ተከፈተ።»

ይህን ሁሉ ዘመን አፍህን ምን ያዘው?

«ልነግርህ በመጣሁ ቁጥር ‹ከገመዱ ራቅ› ትለኛለህ!»

አዎ፣ እላለሁ። ሰው ከገመድ መራቅ አለበት። ማንም ቢሆን።

«ሰከረ ሲሉህ ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ» ይላል።

ይህችኛዋ ሰበብ አይደለችም። እውነት ግን ናት፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይህችን እመርጣለሁ።

ይህን ወረቀት ስጽፍ ይህን መልስ አላሰብኩም ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩትን አላነበውም። ኃይለኛ ነገር ነው፣ ይቅር።

ሂሳቡን እያሰላሁ ነበር። ልክ ነው። መቶ ሰማንያው ስልሳ ከሆነ፣ ለማስቆም የሚያስፈልገኝ ጉልበት አንድ ሦስተኛው ነው። መጽሐፉን ሳታነብ፣ በተላጠ ጉልበት ደርሰህበታል። ስህተትህ አንድ ነው፤ አልጠራህም።

ከትኬት በር ስመለስ ገመዱ አጠገብ አንድ በርጩማ ቆሞ አገኘሁ። ስቀመጥበት እግሬ ወለሉን በልኩ ይነካል፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ወይ ይረዝመዋል ወይ ያጥረዋል። አስተዳደሩ ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር። ጉንዳን ሲወጣበት ማን እንደሠራው ገባኝ። ቁመቴን የለካህበትንም ምክንያት ያኔ ደረስኩበት። ምስጋና አልሰጠሁህም። የማይናገረኝን ሰው አላመሰግንም ብዬ ነው። ዛሬ ተናግረሃል፤ አመሰግናለሁ።

ሌላም ልጨምር። ከዚያ በር በኋላ ይህ ሰው የሠራው ሁሉ ቀላል ሆነ። ተራራው ሸራ፣ ምሽጉ ሸራ፣ ዛፉ ቀጭን ክፈፍ። እኔ «ጥድፊያ ነው፣ የድሮ ሥራ ቀረ» እያልኩ አማሁት። በዚህ ዕድሜዬ እስከ ዛሬ ገመድ የምስበው ጠንካራ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለሰውም እንዲያ ብዬ ነው የማወራው። ከዛሬ በኋላ እንዲያ አልልም። ጥሪውን ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜም አላጓደለም፤ ይህንንም እመሰክራለሁ። ሌላ አናጺ ይመጣል ተብሏል። ይምጣ። እኔ ግን ትከሻዬን ሰርቆ የሚያይ ሰው በማስታወቂያ እንደማይገኝ አውቃለሁ።

ባለቤቱ ሆይ፣ አታልቅሺ። ሥራ አስኪያጇ፣ አንቺም። ሰው የሚያስቅ ነገር ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት።

ብርጭቆአችሁን አንሱ። የኔ ውኃ ነው፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይቅመስ። ወንድሜ፣ ዕድሜህ ይርዘም። እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንህ አይድከም። ጠዋት ያለ ደወል ተነሳ። ልጆችህ ሳትጠራቸው ይምጡልህ። ለጤናህ!

ስለዚያ በር ከእንግዲህ ከእኔ አፍ አንድ ቃል የሚሰማ የለም። የልጅ ልጆችህ አድገው፣ «አያታችን ሰው አየር ላይ ሰቅለው ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ አላየሁም፣ አልነበርኩም እላቸዋለሁ። ጠጡ።